ከበራሪ ወፎች ወደ ዶሮና ወደ ከብት ስለሚተላለፈው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንት፣ ለእርሻና ለከብት ባለቤቶች የተሰናዳ ትምህርት

የአንድ አገር ሀብት የሚጠበቀው በዳኝነትና በጸጥታ ኃይል ብቻ አይደለም። ጎተራው በነቀዝ፣ በረቱ በበሽታ ሲወረር ዝም ብሎ የሚመለከት ሹም፣ በሌላው ሥራው ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ ሕዝቡን ከችግር ሊያድነው አይችልም። የእንስሳት በሽታ በመንደር ሲነሣ ወሬው አስቀድሞ የሚደርሰው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ሹም ነው። ሹሙም የሰማውን ለማን እንደሚያስታውቅ፣ ገበያውን መቼ እንደሚዘጋ፣ የሞተውን እንስሳ የት እንደሚያስቀብር ካላወቀ፣ ሐኪሙ ሲመጣ ጊዜው አልፎ ይገኛል። ስለዚህ በዚህ ዘመን በዓለም ዙሪያ ወፎችን፣ ዶሮዎችንና የወተት ላሞችን ስለያዘው የወፎች ኢንፍሉዌንዛ ሊታወቅ የሚገባው ነገር ከዚህ በታች ተጽፏል። ዓመታቱ የኢትዮጵያ ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮጳ አቈጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

፩. ስለ በሽታው ጠባይ

በ1878 ፔሮንቺቶ የተባለ ኢጣልያዊ የእንስሳት ሐኪም በሰሜን ኢጣልያ ዶሮዎችን በድንገት የሚጨርስ ብርቱ በሽታ መኖሩን ጽፎ አስታወቀ። በሽታውም የዶሮ መቅሠፍት ተብሎ ተጠራ። በ1901 የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያን በሚያስቀር ማጣሪያ ሳይቀር የሚያልፍ እጅግ ረቂቅ ነገር መሆኑ ታወቀ። በ1955 ደግሞ ሼፈር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ይኸው ረቂቅ ነገር ሰውን ከሚይዘው ከኢንፍሉዌንዛ ኤ ቫይረስ ወገን መሆኑን መርምሮ ገለጠ።

ይህ ቫይረስ በላዩ ላይ ሁለት ዓይነት ጉጦች አሉት። አንደኛው ኤች የሚባለው፣ ቫይረሱ ወደ እንስሳው ገላ ረቂቅ ክፍል ገብቶ እንዲራባ በር የሚከፍትለት ነው። ሁለተኛው ኤን የሚባለው፣ የተራባው ቫይረስ ከዚያ ተላቆ ወደ ሌላው እንዲዛመት የሚያደርገው ነው። በወፎች ዘንድ የታወቁት የኤች ዓይነቶች 16፣ የኤን ዓይነቶች 9 ሲሆኑ፣ ኤች5ኤን1 የሚባለው ስም የመጣው ከዚህ ቈጠራ ነው።

የቫይረሱ የጥንት ማደሪያ የውሃ ወፎች ናቸው፤ ይኸውም ዳክዬ፣ ዝይ፣ በባሕርና በሐይቅ ዳር የሚኖሩ ሌሎች ወፎችም ሁሉ። በእነዚህ አንጀት ውስጥ ብዙ ሳይጎዳቸው ይኖራል፤ ከኩሳቸውም ጋር ወደ ውሃ ይወርዳል። ዳሩ ግን ኤች5 ወይም ኤች7 የሚባለው ዓይነት ተጨናንቀው ወደሚኖሩ ዶሮዎች ሲገባ ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል። ቀድሞ በአንጀትና በመተንፈሻ ብቻ ይራባ የነበረው፣ ከተለወጠ በኋላ በገላ ሁሉ እየተሠራጨ በጥቂት ቀን ውስጥ መንጋውን ሊጨርስ የሚችል መቅሠፍት ይሆናል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ ዶሮዎች ምንም ሕመም ሳይታይባቸው በድንገት ይሞታሉ፤ እንቍላል መጣል ያቆማሉ ወይም ቅርፊቱ የሳሳ እንቍላል ይጥላሉ፤ ራሳቸውና የዐይናቸው ዙሪያ ያብጣል፤ በራሳቸው ላይና ከአገጫቸው በታች ያለው ቀይ ሥጋ ይጠቍራል፤ ላባ በሌለበት እግራቸው ላይ ደም የቋጠረ ምልክት ይወጣል፤ ተቅማጥ፣ ማስነጠስ፣ የአንገት መጠምዘዝም ይታያል። ዳክዬ ግን ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት ሳያሳይ በሽታውን ተሸክሞ ይዞራል።

ቫይረሱ በቀዝቃዛ ውሃና በእርጥብ ኩስ ውስጥ ለብዙ ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት ሳይሞት ይቈያል። በጫማ፣ በመኪና ጎማ፣ በዶሮ ቅርጫት፣ በእንቍላል መያዣም ይጓዛል። ነገር ግን ሙቀትን አይችልም፤ ሳሙና፣ በረኪናና ሌላውም የማጽጃ መድኃኒት ይገድለዋል። ስለዚህ ጠላቱ ብርቱ ቢሆንም መከላከያው በድኻም ቤት የሚገኝ ነው።

፪. በሽታው ዓለምን እንዴት እንደ ዞረ

አሁን በዓለም የተሠራጨው ዘር በ1996 በደቡብ ቻይና በጓንግዶንግ አውራጃ በዝይ ላይ የተገኘው ነው። በ1997 ወደ ሆንግ ኮንግ ገብቶ 18 ሰዎችን ሲይዝ ከእነርሱ 6ቱ ሞቱ። ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ በቬትናም፣ በታይላንድና በጎረቤቶቻቸው ተዛመተ። በ2005 በቻይና ቺንግሃይ በሚባለው ሐይቅ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የዱር ወፎች ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ቱርክና ሩማንያ ደረሰ። በ2006 ናይጄሪያና ግብፅ፣ ቀጥሎም ከኢትዮጵያ ጋር የሚዋሰኑት ሱዳንና ጅቡቲ ተያዙ። በ2017 መጀመሪያ ሌላው ወገኑ ኤች5ኤን8 በኡጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በዱር ወፎችና በዶሮዎች ላይ ተገኘ።

ከ2020 ወዲህ የተነሣው አዲስ ቅርንጫፍ ከቀድሞው ሁሉ የበረታ ሆነ። በ2021 መጨረሻ በእስራኤል በሑላ ሸለቆ የሚከርሙ ክሬን የሚባሉ እግረ ረጅም ወፎች በብዙ ሺህ አለቁ። በዚያው ጊዜ አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ሰሜን አሜሪካ ገባ፤ በ2022 ወደ ደቡብ አሜሪካ ወረደ። በ2023 በአርጀንቲና ቫልዴስ በሚባለው ልሳነ ምድር ከባሕር ዝሆኖች ግልገል 17,000 ያህል እንደ ሞተ ተገመተ። በ2024 መጀመሪያ በአንታርክቲካ ዋና ምድር ላይ መኖሩ ተረጋገጠ።

ስለዚህ ነገር ሁለት ስሕተት እንዳይደረግ ያስፈልጋል። አንደኛው ስሕተት ጥፋቱን ሁሉ በዱር ወፍ ላይ መጣል ነው። በሽታውን ከአገር ወደ አገር ወፍ ቢያመጣውም፣ ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ ይኸውም በንግድ፣ በመኪና፣ በቅርጫትና በጫማ። ሁለተኛው ስሕተት ወፎቹን በጥይት መግደል ወይም የሚያድሩበትን ዛፍ መቍረጥ ነው። የተባረረ ወፍ በሽታውን ይዞ ወደ ሌላ ስፍራ ይበተናልና፣ ይህ ሥራ ጥፋቱን ያሰፋዋል እንጂ አያቆመውም።

፫. የሁለት አገሮች ምሳሌ

ሆንግ ኮንግ በ1997 የሠራችው ሥራ ለገበያ አስተዳዳሪዎች ትምህርት ነው። በሽታው በሕያው ዶሮ ገበያ ውስጥ መሠራጨቱ ስለ ታወቀ፣ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ በከተማው የነበረው ዶሮ ሁሉ፣ ቍጥሩም 1,500,000 ያህል፣ እንዲገደል ተደረገ። ሰውን የያዘው ያ ዘርም በዚያው ቆመ። ከዚያ በኋላ ዳክዬና ዝይ ከዶሮ ጋር በአንድ ገበያ እንዳይሸጡ ተከለከለ፤ ገበያዎችም በወር በተወሰነ ቀን ባዶ ሆነው እንዲታጠቡ ታዘዘ። ገበያ ለአንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ ሲታጠብ፣ በሽታው ከትናንቱ ዶሮ ወደ ዛሬው የሚሻገርበት ድልድይ ይቈረጣል።

ታይላንድ ደግሞ የመዘግየትን ዋጋና የትጋትን ፍሬ ሁለቱንም አሳይታለች። በ2004 መጀመሪያ በሽታው በመንግሥት ከመታመኑ በፊት በብዙ አውራጃዎች ተሠራጭቶ ተገኘ፤ በዚያም ዓመት ከ60 ሚሊዮን በላይ ዶሮና ዳክዬ ሞተ ወይም ተገደለ። ከዚህ በኋላ ግን መንግሥቱ የመንደር በጎ ፈቃደኞችን አሠማርቶ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ የታመመ ወይም የሞተ ዶሮ መኖሩን እንዲመረምሩ አደረገ። ሊቃውንቱም ከታጨደ የሩዝ ማሳ ወደ ሌላው ማሳ በመኪና እየተጫነ የሚሠማራው የዳክዬ መንጋ ዋናው የበሽታ አሠራጭ መሆኑን ደረሱበት። ያ እንቅስቃሴ ሲገታ በሽታው እየቀነሰ ሄዶ ከ2008 በኋላ ከዶሮዎች መካከል ጠፋ። ይህም የሆነው በውድ መድኃኒት ሳይሆን በመንደር ሰው ዐይንና በሹማምንት ቍጥጥር ነው።

፬. በሽታው ወደ ወተት ላሞች ስለ መግባቱ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ በሽታ የወፎች ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ ላም ይይዛል ብሎ የጠበቀ ሰው ጥቂት ነው። በ2024 መጀመሪያ ግን በአሜሪካ በቴክሳስ ሰሜናዊ ክፍል ባሉ ትልልቅ የወተት እርሻዎች ላሞች መብል እያነሱ፣ ወተታቸው በድንገት እየቀነሰና እንደ እንገር እየወፈረና እየቢጫ መጣ። ሐኪሞችም ምክንያቱን ሳያገኙ ብዙ ሳምንት አለፈ። ነገሩን የገለጡት በበረቱ ውስጥ የነበሩ ድመቶች ናቸው፤ ጥሬ ወተት የጠጡት ድመቶች እየታወሩና እየተንገዳገዱ ስለ ሞቱ፣ ሬሳቸውና የላሞቹ ወተት ተመርምሮ መጋቢት 25 ቀን 2024 በሽታው ኤች5ኤን1 መሆኑ ታወጀ።

የተገኘው ነገር እንደሚከተለው ነው። ቫይረሱ በላሟ ሳንባ ይልቅ በግቷ ውስጥ ይራባል፤ ወተቷም እጅግ ብዙ ቫይረስ ይይዛል። አብዛኞቹ ላሞች ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይድናሉ፤ ሆኖም የብዙዎቹ ወተት ወደ ቀድሞው መጠን አይመለስም። ከላም ወደ ላም የሚያሻግረው በተለይ የማለቢያው መሣሪያና የአላቢው እጅ ነው፤ ከግዛት ወደ ግዛት ያደረሰው ደግሞ የላሞች በመኪና መጓዝ ነው። የዘሩ ምርመራ እንዳመለከተው፣ ያ ሁሉ መዛመት የጀመረው ከወፍ ወደ ላም አንድ ጊዜ ብቻ በተደረገ መሻገር ነው። በ2024 መጨረሻ በ16 ግዛቶች ከ900 በላይ የላም መንጋዎች ተይዘው ነበር። በ2025 መጀመሪያ በኔቫዳና በአሪዞና ግዛቶች ከወፎች ሌላ ዓይነት ዘር ወደ ላሞች ስለ ገባ፣ የመጀመሪያው መሻገር ብቸኛ አለመሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር በአንዲት በግ ላይ ተገኘ።

የአሜሪካ መንግሥት የሚታለቡ ላሞች ሳይመረመሩ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይሻገሩ በሚያዝያ 2024 አዘዘ። በጠቅላላው የወተት ምርመራ የተጀመረው ግን በታኅሣሥ 2024 ነው። በመካከሉ ያለፉት ወራት ለበሽታው የተሰጡ ወራት ሆኑ። ብዙ ባለርስቶች ወተታቸው እንዳይጣልባቸው ስለ ፈሩ ላሞቻቸው እንዲመረመሩ አልወደዱም ነበር።

ለሰው የሚሰጠው ማስጠንቀቂያም ቀላል አይደለም። ከ2003 ወዲህ በዓለም ከ950 በላይ ሰዎች በኤች5ኤን1 መያዛቸው ተመዝግቧል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። በአሜሪካ የተያዙት የእርሻ ሠራተኞች አብዛኞቹ ዐይናቸው ቀልቶ በቀላል ሕመም ዳኑ፤ በጥር 2025 ግን በሉዊዚያና አንድ ሰው ሞተ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የመተላለፍ ኃይል አላገኘም። ነገር ግን ይህ ወገን በየጊዜው ጠባዩን የሚለውጥ ነውና፣ በእያንዳንዱ በተያዘ እንስሳ ውስጥ አዲስ ዕድል ያገኛል። በ1911 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር አዲስ አበባን የመታው የኅዳር በሽታ፣ ዘሩ ከወፎች ኢንፍሉዌንዛ ጋር የሚቀራረብ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር። በኅዳር 12 ቀን ጥራጊ እያቃጠሉ ማጠን እስካሁን የቀረው የዚያ መከራ መታሰቢያ ነው።

፭. ነገሩ ኢትዮጵያን የሚመለከትበት ምክንያት

የስምጥ ሸለቆ መሥመር ከአውሮጳና ከእስያ ክረምት ሸሽተው ወደ አፍሪካ የሚወርዱ ወፎች መንገድ ነው። ዝዋይ፣ አብያታ፣ ሻላና ሐዋሳ በየዓመቱ እነዚህን እንግዶች ይቀበላሉ። በእነዚሁ ሐይቆች ዳር ከብት ውሃ ይጠጣል፤ ዶሮ ያለ አጥር ይለቅማል፤ ሴቶችና ልጆች ውሃ ይቀዳሉ።

የአገሪቱ ዶሮ አብዛኛው በየቤቱ የሚረባ፣ የሴቶች ሀብት ነው። ከእንቍላሉ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ይገዛል። ስለዚህ የዶሮ እልቂት በመዝገብ ላይ ትንሽ መስሎ ቢታይም፣ በድኻ ጓዳ ውስጥ ብርቱ ጕዳት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ፈንግል ነው። ፈንግል በየዓመቱ መንደሮችን ስለሚመታ፣ ሕዝቡ የዶሮ ሞትን እንደ ልማድ ተቀብሎታል። አንዲት ዶሮ ስትሞት ባለቤቱ የቀሩትን ፈጥኖ ወደ ገበያ ያወጣል፤ ወይም አርዶ ይበላል። ይህም ከአንድ ግቢ የጀመረውን በሽታ በአንድ የገበያ ቀን ለአሥር ቀበሌ የሚያካፍል ሥራ ነው። ፈንግልና የወፎች ኢንፍሉዌንዛ በዐይን ሊለዩ አይችሉም፤ የሚለያቸው ምርመራ ብቻ ነው። እንግዲህ የዶሮን ሞት ሁሉ ፈንግል ነው ብሎ ማለፍ፣ አዲሱ ጠላት በአሮጌው ስም ተሸፍኖ እንዲገባ በር መክፈት ነው።

አራተኛው የጥሬ ወተት ልማድ ነው። በብዙ አገር ወተት ሳይፈላ ይጠጣል፤ እርጎም ከጥሬ ወተት ይረጋል። ወተት በ63 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ቢቈይ ቫይረሱ ይሞታል፤ በቤት ምድጃ አፍልቶ መጠጣትም ይበቃል።

ይህች አገር ሩቅ ሳይሆን በራሷ ታሪክ የምትማረው አላት። በ1880 ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር በምጽዋ በኩል በመጣ ከብት የገባው የከብት እልቂት ከመቶው ዘጠና የሚሆነውን ከብት እንደ ፈጀ ይነገራል፤ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ስላልቻለ የክፉ ቀን ረኃብ ተከተለ። ያው በሽታ ግን በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ በዓለም ታወጀ። ከመጨረሻ ምሽጎቹ አንዱ በነበረው በአፋር ምድር ድል የተነሣው፣ በ1990ዎቹ ዓመታት አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ተምረው፣ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ተሸክመው መኪና በማይደርስበት ስፍራ መንጋውን በመከተባቸው ነው። መቅሠፍት ከሕዝብ ጋር በተደረገ ሥራ ሊሸነፍ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

፮. የሹማምንትና የባለ ከብቶች ተግባር

አንደኛ፤ በአንድ ግቢ ወይም በአንድ መንደር ዶሮዎች በብዛት በድንገት ሲሞቱ፣ በሐይቅ ዳር የሞቱ የዱር ወፎች ሲገኙ፣ የላሞች ወተት ባልታወቀ ምክንያት ሲቀንስና ሲወፍር፣ ወይም ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶች ሲሞቱ፣ ወሬው በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይድረስ። ናሙናው በሰበታ ባለው የእንስሳት ጤና ምርመራ ተቋም እስኪመረመር ድረስ ማንም በግምት አይፍረድ።

ሁለተኛ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከዚያ ግቢ ዶሮ፣ እንቍላል፣ ኩስና ላም አይውጣ፤ ወደዚያም አይግባ። የቀበሌው ሹም ይህን ሲያዝ ምክንያቱን ለሕዝቡ ይግለጥ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ትእዛዝ በሌሊት ይፈርሳልና።

ሦስተኛ፤ የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አይነካ፤ ወደ ወንዝ አይጣል፤ ለውሻ አይሰጥ። ከውሃ ርቆ በጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ ኖራ ይነስነስበት። የቀበሩት ሰዎች እጃቸውን፣ ልብሳቸውንና ጫማቸውን በሳሙና ይጠቡ፤ ትኵሳት ወይም የዐይን መቅላት የታየበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አራተኛ፤ ስለ ካሣ አስቀድሞ ይታሰብ። ዶሮው ያለ ዋጋ የሚገደልበት ሰው ይሸሽጋል፤ የሸሸገውም ወደ ሩቅ ገበያ ይወስዳል። ተገቢ ካሣ በጊዜው ሲከፈል ግን ገበሬው ራሱ ጠቋሚ ይሆናል። ለካሣ የሚወጣው ገንዘብ ብዙ መስሎ ቢታይ፣ በሽታው አውራጃውን ሁሉ ከያዘ በኋላ ከሚጠፋው ጋር ይመዛዘን።

አምስተኛ፤ የዶሮ ገበያ ከሌላው ገበያ ይለይ፤ ኩሱ በየገበያው ቀን ማታ ተጠርጎ ይቃጠል ወይም ይቀበር፤ ቅርጫቶቹ ይታጠቡ። በተለይ በእንቍጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ከሩቅ አገር በብዛት ሲጫን ቍጥጥሩ ይጠንክር። ሳይሸጥ የቀረ ዶሮ ወደ ቤት ሲመለስ፣ ለሁለት ሳምንት ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥ።

ስድስተኛ፤ ባለ ከብቶች አዲስ የገዙትን ላም ወዲያው ከመንጋው ጋር አይቀላቅሉ። አላቢው ከላም ወደ ላም ሲሸጋገር እጁንና ግቷን ይጠብ፤ የታመመችው ላም በመጨረሻ ትታለብ፤ ወተቷም ለጥጃም ሆነ ለድመት ሳይሰጥ ፈልቶ ይደፋ። የዶሮና የከብት ውሃና መኖ የዱር ወፍ እንዳይደርስበት ይከደን።

ሰባተኛ፤ የፈንግል ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታልና በየመንደሩ ይዳረስ። ፈንግል በቀነሰበት ስፍራ፣ ያልተለመደ ሞት ሲመጣ ፈጥኖ ይታያል።

ስምንተኛ፤ ሐሰተኛ ወሬ ይከልከል። በ2006 በኢትዮጵያ በተነሣው ጥርጣሬ በሽታው ሳይረጋገጥ የዶሮ ገበያ ወድቆ፣ ብዙ አርቢዎች ተጎድተዋል። በደንብ የበሰለ የዶሮ ሥጋና የተቀቀለ እንቍላል ይህን በሽታ አያስተላልፍም፤ ይህም ለሕዝብ በግልጥ ይነገር። እውነቱን ከሹሙ በጊዜ የሰማ ሕዝብ፣ ሐሰቱን ከገበያ አይሸምትም።

የአገሬው ተረት ሳይቃጠል በቅጠል ይላል። የዚህ በሽታ ቅጠሉ ሳሙና፣ ኖራ፣ የፈላ ወተትና በዚያው ቀን የተላከ ወሬ ነው። እሳቱ ከተነሣ በኋላ ግን የሚፈለገው የሚሊዮን ዶሮ ሕይወትና የብዙ ዓመት ድካም መሆኑን ሌሎች አገሮች በራሳቸው ላይ ደርሶ አይተዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሹም በግዛቱ ውስጥ ያሉትን ሐይቆች፣ የዶሮ ገበያዎችና የወተት በረቶች በመዝገብ አስፍሮ፣ የሚጠራቸውን የእንስሳት ሐኪሞች ስም አውቆ፣ ወፎቹ ከሰሜን ከሚመጡበት ከመስከረም ወር አስቀድሞ ተሰናድቶ ይጠብቅ።